መለስተኛ ጉዳት

የጀርባ ግድግዳችን የወደቀው በነሐሴ፣ ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ነበር። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ በመስኮቱ አይቻለሁ፤ አይቼም "ዛሬ ደግሞ ታክሲ አይገኝም" ብዬ ተማርሬያለሁ። ስለ ቤታችን ግን አላሰብኩም። ቤታችን ከእኔ ዕድሜ በላይ ክረምት ያሳለፈ ቤት ነው።

የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ በሚያሳልፍበት ቅያስ ውስጥ ነው። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለነው እናቴና እኔ ነን። ከጀርባችን ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ ደግሞ ፎቅ እየተሠራ ነው። ከፎቁ መሠረት የወጣው አፈር ክረምቱን ሙሉ ቦዩ አፍ ላይ ተከምሮ ነበር። ለወረዳው አመልክተን "እየታየ ነው" ተብለናል። እውነትም ይታይ ነበር፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል።

የደወለልኝ ጎረቤታችን ነው። ከስልጤ የመጣ፣ ቅያሱ መግቢያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ሰው ነው።

"እማማ ደህና ናቸው" አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ስልክ በ"ደህና ናቸው" ሲጀመር ደህና ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ዣንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ስደርስ ውሃው ጎድሎ ጭቃው ቀርቷል። የመኝታ ክፍላችን የጀርባ ግድግዳ ከነመስኮቱ ቦዩ ውስጥ ተኝቷል። አልጋችን ላይ የተጋደመ ሰው የሚሠራውን ፎቅ እስከ ጣሪያው ማየት ይችላል። ፍራሹ፣ ምንጣፉ፣ የቡፌው የታችኛው መሳቢያ፣ የአባቴ ካፖርት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ይዘዋል። እናቴ ጎረቤታችን ሱቅ ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ሚስቱ ያለበሰቻትን ጋቢ ተከናንባ ሻይ ትጠጣለች።

"እንዴት ወጣሽ?" አልኳት።

"በእግሬ" አለች። "ውሃው ሲገባ አየሁ፣ ነጠላዬን አነሳሁ፣ ወጣሁ። ምን አለው? ልደታ ትመስገን፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ነው የወደቀው።"

ጎረቤታችን አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ጠዋት የወረዳ ሰዎች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው መጡ። ቅያሱን ከጫፍ ጫፍ ዞረው አዘኑ፤ ከልባቸው ነበር ያዘኑት። አንደኛው የእናቴን ትከሻ ይዞ "አይዞዎት እማማ፣ መንግሥት አለ" አላት። ከዚያ ሁለት ነገር አዘዙን። አጣሪ ኮሚቴ መጥቶ እስኪያይ ምንም ነገር እንዳንነካና፣ እርዳታ ለማግኘት ወረዳ ሄደን እንድንመዘገብ።

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። መዝጋቢው ጨዋ ወጣት ነበር፤ ወንበር ሳበልኝ።

"ቤቱ በማን ስም ነው?" አለኝ።

"የቀበሌ ነው። ድሮ በአባቴ ስም ነበር የተከራየነው፤ አሁን በእናቴ ነው።"

"ስለዚህ ቤቱ የመንግሥት ነው።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ጉዳት የደረሰበት መንግሥት ነዋ!" አለ። እየቀለደ አልነበረም። "እኛ የምንረዳው ንብረቱ የተጎዳበትን ነዋሪ ነው። የእናንተ ንብረት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። የግድግዳው ነገር የቤቶች ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ይጠይቁ።"

ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። እዚያ ያገኘኋት ሴትዮ ግድግዳው የእነሱ መሆኑን ሳታንገራግር አመነች።

"ግን የጥገና በጀት የለንም" አለች።

"እኛው በራሳችን ብናቆመውስ?"

"እንዴት ተደርጎ! የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይጠገንም።"

"ፈቃድ ብንጠይቅስ?"

"ፈቃድ የምንሰጠው በጀት ሲኖር ነው" አለችና ማዘኗን በሚያስታውቅ ፊት ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ደረጃውን ስወርድ መንግሥት አሳዘነኝ። እሱም ግድግዳው ወድቆበት እንደ እኛው ግራ ገብቶታል።

ኮሚቴው ሐሙስ እንደሚመጣ ተነገረን። እኔ "ኮሚቴ ይመጣል" ስል እናቴ የሰማችው "እንግዳ ይመጣል" የሚለውን ነው። ረቡዕ ከሥራ ስገባ ቤቱን አላወቅሁትም። ጭቃው ተጠርጎ ወጥቷል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ቡፌው ተወልውሏል። እሷና የጎረቤታችን ሚስት ሙሉ ቀን ሲያሹ ነው የዋሉት። ጎረቤታችን ቀደም ሲል ግድግዳው በነበረበት ቦታ ከውጭ በኩል የፕላስቲክ ሸራ ወጥሮልን ነበር። እናቴ ደግሞ ከውስጥ በኩል፣ ለፋሲካ ብቻ የሚወጣውን ነጭ የዳንቴል መጋረጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰቅላበታለች። ነፋስ ሲገባ መጋረጃው በቀስታ ይነፋል። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ከድሮው ይልቅ ያምር ነበር።

"ምንም አትንኩ ተብለን የለም ወይ?" አልኳት።

"መች ነካሁ? አጠብኩ እንጂ።"

በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ፤ ሰብሳቢው በዕድሜ ገፋ ያሉ ወፍራም ሰው፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ በስልኳ ፎቶ የምታነሳ ሴት። እናቴ እጃቸውን ካስታጠበች በኋላ ሻይና አምባሻ አቀረበች። እምቢ ሲሏት በሞቴ አለቻቸው። እነሱም በሉ።

"እማማ፣ ምን ምን ተጎዳብዎት?" አሉ ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አውጥተው።

"ኧረ ምንም! ተመስገን ነው። ከእኛ የባሱ አሉ። ሻይ ይደገምልዎት?"

"ፍራሹ ተበላሽቷል" አልኩ እኔ።

"ድሮም አርጅቶ ነበር" አለች እናቴ።

"ግድግዳው ወድቋል።"

"እሱማ የመንግሥት ነው" አለች። ይህን የነገርኳት ራሴ ነኝ።

ተነስቼ መጋረጃውን በኃይል ሳብኩት፣ ሸራውንም ገለጥኩት። ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፤ ግንበኞቹ ከማዶ እጃቸውን አወዛወዙልን። መሐንዲሱ ሜትሩን ዘርግቶ ክፍተቱን ለካ። ሰብሳቢው ቀዳዳውን አዩ፣ ከዚያ እጃቸው ላይ የቀረውን አምባሻ አዩ፣ ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ቡፌ አዩ።

"ቤቱ ግን በጣም ንጹሕ ነው" አሉ፣ የማይካድ ማስረጃ እንዳገኘ ዳኛ።

"ይባረኩ!" አለች እናቴ። ሴትየዋ ፎቶ ልታነሳት ስትል ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግ አለች።

ዝርዝሩ ወረዳው በር ላይ ሲለጠፍ ሦስት ደረጃ ነበረው፤ ከባድ፣ መካከለኛ፣ መለስተኛ። እኛ መለስተኛ ነበርን። ለከባድና ለመካከለኛ ገንዘብ ይሰጣል፤ ለመለስተኛ ብርድ ልብስና ሳሙና። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ሴት፣ ውሃው ደጃፏን ነክቶ የተመለሰላት፣ ኮሚቴው ሲደርስ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ስላገኛት ከባድ ተብላለች። ይህን ለእናቴ ነገርኳት፤ ደሜ ፈልቶ ነበር።

"ታዲያ እኔም ላልቅስላቸው?" አለች።

"ባታለቅሺም አትሳቂላቸው።"

"ቤቴ የገባን ሰው ስቄ ካልተቀበልኩ ምኑን ቤት ሆነ?"

ቅሬታ ጻፍኩ። ዕድሜዬን የሰው አረፍተ ነገር ሳቃና የኖርኩት ሰው፣ ይኼው ለራሴ የምጽፍበት ቀን መጣልኝ። አንድ ቃል ያለ ቦታው የለበትም፤ ቁጣው የታረመ፣ ሐዘኑ የተመጠነ ነው። መዝጋቢው ወጣት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ።

"አማርኛው ግሩም ነው" አለኝ። "ግን አይቀየሙኝና፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው የተቸገረ አይመስልም።"

ያልተቸገረ መምሰል በዘር የሚመጣብን መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ብቻ ማኅተም መታበትና "በድጋሚ ይታያል" ብሎ ሸኘኝ። የመለስተኛውን ብርድ ልብስና ሳሙናም በዚያው አስፈርሞ ሰጠኝ።

ዝናቡ ግን ቅሬታችን እስኪታይ አልጠበቀም። ሸራው በየቀኑ ይቀደድ ጀመር፤ እናቴም ሳል ያዛት። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የእድራችን ሰዎች ግንድና አሮጌ ቆርቆሮ ተሸክመው ደጃችን ቆመዋል። ከሁሉም ፊት ባለ ሱቁ ጎረቤታችን መዶሻ ይዞ ቆሟል። በዚያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ነበር።

"ያለ ፈቃድ መጠገን ክልክል ነው ብለውናል" አልኩት።

"ማን ይጠግናል?" አለኝ። "ይኼ ጥገና አይደለም። ከጠየቁህ ወፍራም መጋረጃ ነው በላቸው።"

እኔም ጭቃ አቀበልኩ፣ ምስማር ያዝኩ፣ ጣቴን ቀጠቀጥኩ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ነበረን። ከአሮጌው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። እናቴ ለሁሉም ምሳ አቅርባ፣ ሲሄዱ የዳንቴል መጋረጃዋን አዲሱ ግድግዳ ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ድጋሚ አጣሪዎቹ የመጡት ግድግዳው በቆመ በቀናት ውስጥ ነው። መሐንዲሱና ባለ ስልኳ ሴት ነበሩ። ጎረቤታችንም ድምፅ ሰምቶ ገባ። መሐንዲሱ ሜትሩን እንደያዘ ዞር ዞር ብሎ አየ።

"ጉዳቱ የት አለ?" አለ።

ነገሩን አስረዳሁት። ጭንቅላቱን አከከ፤ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንደሱ ከሆነ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ብታነሱልኝ ፎቶ እናነሳና መልሳችሁ ትመታላችሁ። ለእናንተው ብዬ ነው።"

ሰውየው ቅን ነበር። ጎረቤታችን መዶሻውን ሊያመጣ ወጣ፤ እኔ መጋረጃውን ማውረድ ጀመርኩ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጥታ ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጥታ ቆመች።

"አይነካም" አለች።

"እማ፣ ለፎቶ ብቻ ነው፤ ወዲያው እንመልሰዋለን።"

"ሰው ሥራውን ትቶ የሠራልኝን ግድግዳ ለፎቶ አላፈርስም። አንዴ ፈርሶብኛል፤ በገዛ እጄ ደግሞ አላፈርሰውም። ብርድ ልብሱን ሰጥተውኛል፣ ይበቃኛል።"

ጎረቤታችን መዶሻውን ይዞ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ባለ ስልኳ ሴት ወደ እኔ ዞረች። "ግድግዳው የወደቀ ቀን ያነሳችሁት ፎቶ የለም?" አለች።

አልነበረንም። በዚያን ቀን ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለን ሰው የለም ልላት ስል፣ ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ጋ ቪዲዮ አለ" አለ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

"ጎርፉ ሲጀምር አገር ቤት ላለው ወንድሜ ልልክለት ብዬ ነበር የቀረጽኩት። አልላክሁትም። ለማንም አላሳየሁም።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"እማማ አሉበት" አለ፣ እንደዚያን ቀን አንገቱን ደፍቶ።

እናቴ እጇን ዘረጋች። "ልየው" አለች።

ስልኩን መሐል አድርገን ቆምን። መጀመሪያ ቅያሱ ይታያል፤ ቡናማ ውሃ ጄሪካንና የጫማ መደርደሪያ እየገፋ ይወርዳል። ከዚያ የእኛ በር። እናቴ በሩ ላይ ናት፤ ውሃው ከጉልበቷ በላይ ደርሷል። ሻሽ የለም፣ ነጠላ የለም፣ ሽበቷ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። ፊቷ ወደ ውጭ አይደለም። የበሩን መቃን ጨብጣ ወደ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ለመግባት ትታገላለች። ድምፅዋን አላወቅሁትም።

"ልጄ ውስጥ ነው! ልጄ ተኝቷል! ኧረ የሰው ያለህ፣ ልጄ!"

ከዚያ አንድ ነገር ከውስጥ ዱብ የሚል ድምፅ አሰማ፤ ግድግዳው ነው። ጎረቤታችን "እማማ ያዙኝ! ያዙኝ!" ሲል ይሰማል፤ ምስሉ ይገለበጥና የዝናብ ሰማይ ብቻ ይቀራል። በእግሯ አልወጣችም። ተሸክሟት ነው የወጣው።

እናቴ እስከ መጨረሻው አየችው። "ያለ ሻሽ!" አለች መጀመሪያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሥራ መሄድህን እኮ አውቃለሁ" አለችኝ፣ የተሳሳተች ልጅ እንደምትናገረው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቁርስ አብልቼ ነው የሸኘሁህ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ውሃው ሲገባ አልጋው ላይ የተኛህ መሰለኝ።"

እጇን ያዝኩት። መሐንዲሱ ሜትሩን ይጠቀልላል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይጠቀልላል።

እናቴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ስልኩን ለሴትየዋ አቀበለቻት። "ይውሰዱት" አለች። "ድምፁን ግን ያጥፉልኝ።"

"አጠፋዋለሁ እማማ" አለች ሴትየዋ፤ አጠፋችውም።

ውጤቱ ሲመጣ መካከለኛ ሆንን። መዝጋቢው ወጣት አሠራሩን አስረዳኝ። ቪዲዮው ከባድ ይላል፣ አዲሱ ግድግዳ መለስተኛ ይላል፤ የሁለቱ አማካይ መካከለኛ ነው። መቃወሚያ አላገኘሁበትም። ቀጥሎ ግን "ደረጃችሁ ስላደገ የመለስተኛው ብርድ ልብስ ተመላሽ ይሆናል" አለኝ።

ብርድ ልብሱን እናቴ ከፊት ለፊታችን ላለችው፣ ከባድ ለተባለችው ሴት ሰጥታዋለች። ለካ ሴትየዋ ቀድሞም ምንም አልነበራትም፤ የከባዱም ገንዘብ ገና አልደረሳትም ነበር። ይህንን ለወጣቱ ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ ትንሽ አሰበና "በጎርፍ ተበላሽቷል ብዬ ልጻፈው" አለ። የተሰጠን ከጎርፉ በኋላ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አመስግኜው ወጣሁ።

ገንዘቡ በባንክ ነው የሚገባው። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ዲጂታል መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው አሻራ። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ የኖረች ናት። ማሽኑ ላይ ጣቶቿን በየተራ አስቀመጠች፤ ማሽኑ ሊያያት አልቻለም።

"አሻራ የላቸውም" አለችኝ የምትመዘግበው ልጅ፣ እናቴ እንዳልቆመች ሁሉ።

እናቴ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። "ታዲያ ያን ሁሉ ማን አጠበው?" አለች።

ልጅቷ ሳቀችና ቫዝሊን እየቀባች እንድትመለስ መከረቻት። እናቴ መዳፏን እንደ ሙሽራ እያሸች ሰነበተች፤ በመጨረሻ አንድ አውራ ጣቷ ተነበበላት። በእሱ ዜጋ ሆነች።

የርክክቡ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ባነር ተሰቅሏል፤ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ታድሏል። ንግግሩ ከጎርፉ ረዘመ። ሰብሳቢው እናቴን ከሩቅ አውቀዋት ኖሮ፣ በተጎጂዎች ስም ምስጋና እንድታቀርብ ወደ መድረኩ ጋበዟት። የአምባሻው ውለታ መሰለኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ማይኩን ያዘች።

"ተባረኩ ልጆቼ" አለች። "መንግሥትም የራሱ ግድግዳ ወድቆበት እኛን ማሰቡ ደግ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እናቴ ቀልድ መናገሯን አላወቀችም።

"ያን ቦይ ግን ጥረጉልን። ካልተጠረገ ለከርሞም እዚሁ ነው የምንገናኘው።"

በዚያ ቀን እንደዚያ የተጨበጨበለት ንግግር አልነበረም። ሰብሳቢው ጻፉት፤ ሲጽፉ አይቻለሁ። እውነትም ሠራተኞች መጥተው ቦዩን ጠረጉት። ያወጡትን ጭቃ ከቦዩ ዳር ከመሩትና ሊሄዱ ሲሉ፣ እናቴ "ይኼንንስ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ማንሳቱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው አሏት። ጎረቤታችንና እኔ አንድ ቅዳሜ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን አነሳነው። የሌላው ክፍል ሰዎች እስካሁን አልመጡም።

ገንዘቡ የገባው ክረምቱ ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ሜዳው ሁሉ አቧራ በሆነበት ወር ነው። ፍራሽ ገዛን፤ የቡፌውን መሳቢያ አሠራን። ለግድግዳው የሚሆን ነገር ለመግዛት አስበን ነበር፤ ግን የመንግሥት ግድግዳ ያለ ፈቃድ አይነካም። የፈቃድ ጥያቄያችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ እናቴ ስልክ መደወል ጀመረች። ሰማዩ ጠቆር ሲል ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል።

"የት ነህ?" ትለኛለች።

"ሥራ ቦታ ነኝ እማ።"

"እሺ፣ ሥራህን ሥራ" ብላ ትዘጋዋለች።

የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ትናንት ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደወለች። ለምን እንደደወለች አልጠየቅኋትም። ሥራ ቦታ ነኝ አልኳት።